የአንባቢያን ጥያቄ፦ መሀል ከተማ ላይ የሆረርና የሳይንስ ፊክሽን ፌስቲቫል ይቻላል ወይ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ሆነው ስላገኘኋቸው ዛሬ ዓምዱን በሙሉ ለነሱ ሰጥቻለሁ፣ ሌሎቻችሁ በሚቀጥለው እትም ጠብቁኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኛ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ የምንኖር ፊልም የምንወድ ልጆች ነን። አንዳንዶቻችን አጫጭር ፊልም ሰርተናል፣ ሌሎቻችን ኤዲቲንግ ምናምን እንሞክራለን። ሲኒማ ቤት ከፍቅርና ከኮሜዲ ውጪ ነገር የለም እያልን ከምናማርር ለምን የራሳችንን ትንሽ የሳይፋይ (ሳይንስ ፊክሽን) እና የሆረር (የሚያስፈራ ፊልም) ፌስቲቫል አናዘጋጅም ብለን ተነስተናል። ስፖንሰር የለንም፣ ማን ይመጣላችኋል የሚሉን ደሞ ብዙ ናቸው። ከየት እንጀምር? የውጭ ፊልም ከቴሌግራም አውርደን ብናሳይስ ችግር አለው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የአራት ኪሎ ልጆች፣ ይቻላል። እንደውም በትንሽ ብር ፌስቲቫል የሚዘጋጅለት የፊልም ዓይነት ካለ ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የሆረርና የሳይፋይ ተመልካች የሚመጣው ዝነኛ አክተር ፍለጋ ሳይሆን ዛሬ ምን ሊያሳዩኝ ነው ብሎ ነው፣ ያልታወቀ ልጅ የሰራው ፊልም ከሆነ እንደውም ይበልጥ ይጓጓል። ስፔን ውስጥ ባርሴሎና አጠገብ ሲትጀስ የምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ አለች፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በእንዲህ ዓይነት ፊልም የሚታወቅ ፌስቲቫል የሚካሄድባት፣ ጣሊያን ትሪየስተ ላይ ደሞ ከሷም ቀድመው በ1963 የሳይንስ ፊክሽን ፌስቲቫል ጀምረዋል። ሁለቱም ዋና ከተማ አይደሉም፣ ሰው ግን ፊልሙን ብሎ ይሄዳል።

ማን ይመጣል ለሚሏችሁ፣ በአማርኛ የሚናገር ሳይንስ ፊክሽን እኮ አለን! «ክራምብስ» ይባላል፣ በ2015 ሮተርዳም ፌስቲቫል ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው፣ ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ቢሆንም ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው የተወኑበት፣ የተቀረፀውም እዚሁ አገራችን ነው። ዓለም ካለቀ በኋላ አንድ አሮጌ ቦውሊንግ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ ሰማይ ላይ ደሞ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ የጠፈር መርከብ። ይሄን ሁሉ ብዬም በአማርኛ ሳይፋይ አለ እንዴ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እስካሁን አለ፣ ስለዚህ እናንተ የምታዘጋጁት ምሽት ትርፍ ነገር አይደለም። ከጎረቤት ደሞ የኬንያዋ ዋኑሪ ካሂዩ በ2009 የሰራችው «ፑምዚ» አለ፣ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ውሃ ካለቀ በኋላ ስላለ ዓለም፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላደገ ሰው ማንም ቆሞ ማስረዳት የለበትም። ለሁለቱም ፊልሞች ለባለቤቶቻቸው ኢሜይል ጻፉ፣ ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ወንበር እንዳላችሁ፣ ትኬት ትሸጡ እንደሆነ በግልጽ ንገሯቸው። ትንሽ ቦታ ስለሆነ አይሰሙንም ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትቀሩ።

የቴሌግራሙን ነገር ግን ተዉት። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአደባባይ ማሳያ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከህጉም በላይ የሰው ልፋት ነው፣ ነገ የናንተን ፊልም ሌላው እንደዛ ቢያደርገው እንዴት እንደሚያናድድ አስቡት። በነፃ የሚታይ ከፈለጋችሁ የጆርጅ ሜልዬስ «ጉዞ ወደ ጨረቃ» አለ፣ በ1902 የተሰራ ድምፅ አልባ ፊልም ነው፣ ርዝመቱም ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው። የምታሳዩት የታደሰውን ቅጂ ከሆነ ግን እድሳቱና አዲሱ ሙዚቃ የራሱ ባለቤት ሊኖረው ስለሚችል አረጋግጡ። እኔን ብትሰሙኝ ሙዚቃውን አጥፍታችሁ አንድ የክራርና አንድ የማሲንቆ ተጫዋች መድረኩ ጥግ አስቀምጡና በላዩ ይጫወቱበት፣ ያንን ምሽት ያየ ሰው ለዓመት ያወራዋል! ሌላው የ1968ቱ የጆርጅ ሮሜሮ የዞምቢ ፊልም «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው፣ አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ምልክቱ ከፊልሙ ላይ ስለወደቀና የዛን ጊዜ የአሜሪካ ህግ ያ ምልክት ካልተፃፈ መብት ስለማይሰጥ አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሁሉም ሆኖ ቀርቷል። አንድ መስመር ፅሁፍ ነው እኮ! እናንተም የራሳችሁ ፊልም መጨረሻ ላይ ስማችሁንና ዓመቱን መፃፍ አትርሱ።

ከኛ የሚመጡትን ፊልሞች በተመለከተ፣ ጅቡ፣ ቡዳው፣ መተቱ፣ ጭራቁ፣ ሌሊት ስም ጠርቶ የሚጠፋው ድምፅ፣ በአያቶቻችን አፍ የሰማነው ሁሉ ገና አልተነካም፣ ልጆቹ ይሄን ይዘው እንዲመጡ ጥሪያችሁ ላይ በግልጽ ፃፉት። አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር በሉ፣ ጠበል ቦታ ሄዶ የታመመ ሰው ሲጮህ ደብቆ ቀርፆ ሆረር ነው ብሎ የሚያመጣ ካለ አትቀበሉት፣ ያ ሰው የሰው ልጅ ነው፣ ፈቃድም አልሰጠም።

አዳራሹን በተመለከተ ከትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አትጀምሩ፣ 80 ሰው የሞላበት ትንሽ አዳራሽ 600 ወንበር ውስጥ ከተበተነ 80 ሰው ይሻላል፣ በተለይ ለሆረር፣ ፍርሃት ከጎንህ ካለው ሰው ነው የሚጋባው። እናንተ ሰፈር ዙሪያ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴ አለ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት አለ፣ ፊልም ማሳየት የለመዱ ቤቶች ናቸው፣ ፕሮፖዛል ይዛችሁ ሂዱ። የፈቃድ ደብዳቤ ነገርም ቀደም ብላችሁ ባህል ቢሮ ጠይቁ፣ በመጨረሻው ሳምንት አይሮጥበትም። ቀኑን ስትመርጡ ሁዳዴንና ረመዳንን እዩ። ክረምት ላይ ደሞ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ እንዳትይዙ፣ ዝናቡ ከመጣ ፀጥ ያለው ትዕይንት ሁሉ ይበላል። ውጭ አገር ሆረር እኩለ ሌሊት ላይ ማሳየት ልማድ ነው፣ እኛ ጋ ታክሲ ያልቃል፣ በተለይ ሴት ልጆች እንዴት ይግቡ? ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምራችሁ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ጨርሱ።

ፕሮጀክተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚጎዳው። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ሲጠፋ ፋኑ ለተወሰነ ደቂቃ እየዞረ አምፖሉን ማቀዝቀዝ አለበት፣ መብራት ድንገት ድርግም ሲል ግን ፋኑም አብሮ ይቆማል፣ አምፖሉ በሙቀቱ እንዳለ ይቀራል፣ እንዲህ ሲደጋገም ዕድሜው ያጥራል፣ የተከራያችሁት ከሆነ ደሞ ዕዳው የናንተ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተር ቢኖርም መሀል ላይ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚይዝ ዕቃ) ይኑር፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ፕሮጀክተሩንና ላፕቶፑን ቢይዝላችሁ ይበቃል። ጄኔሬተሩ ራሱ ከአዳራሹ ግድግዳ ይራቅ፣ ጉርርር የሚል ነገር ከኋላ እየተሰማ ማንም አይፈራም። ጠዋት ሄዳችሁ ከፊልሞቹ ውስጥ በጣም ፀጥ ያለውንና በጣም የሚጮኸውን ትዕይንት ብቻ አጫውቱና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ ስሙ፣ ድምፁን በሁለቱ መሀል አስተካክላችሁ ቁጥሩን በማርከር ፅፋችሁ ለጥፉ፣ ማታ ማንም እንዳይነካው።

ሌላው ቀላል ነው፣ አጫጭር ፊልሞቹ በድምሩ ከ90 ደቂቃ አይለፉ፣ ሁለት ቀርፋፋ ፊልም አታስከትሉ፣ በር ላይ ከ16 ዓመት በታች አይገባም በሉ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ያለበት ፊልም ካለ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደጋ ስለሆነ አስቀድማችሁ በማይክ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እንደምን ሰነበትክ። የ17 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ ቀን ተሌት የሚያየው የሚያስፈራ ፊልም ነው። አሁን ደሞ ራሱ እሰራለሁ ብሎ ደም የሚመስል ነገር እያፈላ፣ ጓደኞቹን ነጭ እየቀባ ግቢውን ሞላው። ጎረቤት ክፉ መንፈስ ይስብበታል ይሉኛል። ምን ላድርግ? (ከአራዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፣ የእናት ነው። ግን ያውቃሉ አይደል፣ አዲስ አበባ መጀመሪያ ሲኒማ ሲገባ ሰዉ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ታየ ተብሎ። ጎረቤትዎ ዛሬ ያሉትን ያን ጊዜ ሁሉም ብሎታል፣ በኋላ ግን ያው ሰው ልጆቹን ይዞ እሁድ እሁድ ሲኒማ መግባት ለመደ።

ልጅዎ ዝም ብሎ ከሚያይ ልጅ ይልቅ የሚሰራ መሆኑ ለኔ ደስ የሚል ነው። ደሙን እንዴት እንደሚሰራው ያሳይዎት እስኪ፣ ስኳር በውሃ አፍልቶ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሮበት ይሆናል፣ ጠቆር እንዲል ደሞ ትንሽ ካካዎ። ይሄን የሚለካ ልጅ ደሙ ደም እንዳልሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። አጠገቡ ቁጭ ብለው አንድ ቀን ቀረፃውን ይዩለት፣ አንድ ትዕይንት አስር ጊዜ ሲደጋግሙ ሲያዩ ፍርሃትዎ ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

ማታ ብቻውን በስልክ እስከ ሌሊት ማየቱን ግን ይከልክሉ፣ ያ ለማንም ልጅ ጥሩ አይደለም። እንቅልፍ ካጣ፣ ትምህርቱን ከተወ፣ ከሰው መሸሽ ከጀመረ ነገሩ የፊልም ጉዳይ ስላልሆነ ሐኪም ያማክሩ፣ የንስሐ አባት ካላችሁም አብረው ያነጋግሩት። እንዲህ ያለ ነገር ካላዩበት ግን ቀለሙን አይድፉበት። የአራት ኪሎዎቹ ልጆች ፌስቲቫላቸውን ከጀመሩ ደሞ ይላኩት፣ ዕድሜው ይፈቅድለታል፣ እርስዎም አብረው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ 11 ደቂቃ የሆነች የሆረር ፊልም በስልኬ ሰርቻለሁ፣ የተቀረፀችው አያቴ ቤት ነው። ያየው ሁሉ ምስሉ አሪፍ ነው ግን አያስፈራም ይለኛል፣ ምክንያቱን ግን ማንም አይነግረኝም። ሊንኩን ልኬልሃለሁ። ውጭ ፌስቲቫል ብልክ ይቀበሉኛል? ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም። (ከልደታ)

መልስ፦ አየሁት የኔ እህት፣ ሁለቴ አየሁት፣ በሁለተኛው በጆሮ ማዳመጫ። ምስሉ እውነትም ጥሩ ነው፣ ችግሩ ያለው ድምፅሽ ላይ ነው። ልጅቷ ጓዳ ገብታ ምጣዱን ስትከድን ከኋላዋ መጋረጃው የሚነቃነቅባት ትዕይንት አለች አይደል፣ በጣም ቆንጆ አድርገሽ ነው የቀረፅሻት፣ ፍሬሙን አላንቀሳቀስሽም፣ አልተቻኮልሽም። ነገር ግን መጋረጃው ከመነቃነቁ በፊት ያ ከኢንተርኔት ያወረድሽው የቫዮሊን ሙዚቃ ከፍ ከፍ ማለት ይጀምራል፣ በቃ እኔ አሁን አንድ ነገር ሊመጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፣ ሲመጣም ጠብቄዋለሁ። ሙዚቃውን ከዛ ትዕይንት ሙሉ በሙሉ አውጪው።

በምትኩ ምን ታስገቢያለሽ? አያትሽ ቤት ተመለሽ፣ ስልክሽን ጓዳው ውስጥ አስቀምጪና ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ለጥቂት ደቂቃ ቤቱን ብቻ ቅጂ፣ የፍሪጁ ድምፅ፣ ከጎረቤት የሚመጣ ሬዲዮ፣ ሩቅ ያለ ውሻ። ሌሊት ደሞ ውሃ ሲመጣ ክፍቱን የቀረ ቧንቧ መጀመሪያ አየር ይተፋ የለ፣ ኽህ ኽህ እያለ እንደሚያስል ሰው፣ እሱን ቅጂው። የአዲስ አበባ ልጅ ያንን ድምፅ በደንብ ያውቀዋል፣ ውጭ ያለው ተመልካች ግን ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ይደነግጣሉ። መጋረጃው የሚነቃነቀው ቧንቧው ድንገት ዝም ሲል ይሁን።

11 ደቂቃውን ወደ 7 ብታወርጂው ደሞ ይሻልሻል፣ መግቢያው ላይ በታክሲ የምትመጣበት ሁሉ ይቅር፣ ቤቱ ውስጥ ጀምሪው። ስዊድናዊው ዴቪድ ሳንድበርግ በ2013 ከሚስቱ ጋር የገዛ ቤታቸው ውስጥ የሰሯት «ላይትስ አውት» የምትባል ፊልም ሦስት ደቂቃ አትሞላም፣ ሴትዮዋ መብራት ስታጠፋ ጥላ ይታያል፣ ስታበራ ይጠፋል፣ ሌላ ነገር የለውም። በሷ ምክንያት ሆሊውድ ጠርቶት በ2016 ሙሉ ፊልም ሆና ወጥታለች።

መላኩን በተመለከተ፣ ብዙ ፌስቲቫል የሚቀበለው ፊልምፍሪዌይ በሚባለው ድረ ገጽ ነው፣ አካውንቱ ነፃ ነው፣ ሆረር ብለሽ ስትፈልጊ ክፍያ የማይጠይቁትን ለይተሽ ማየት ትችያለሽ፣ ከነሱ ጀምሪ። ክፍያ ላላቸው ካርድ የለኝም ብለሽ አትተዪው፣ ቀኑ ሳይዘጋ ቀደም ብለሽ ኢሜይል ፃፊላቸውና ዌቨር (ክፍያው እንዲቀርልሽ) ጠይቂ፣ አጭር ይሁን፣ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ የፊልሜ ርዝመት ይሄ ነው፣ ከዚህ ሆኜ ለመክፈል ይቸግረኛል፣ ሊንኩ ይኸው ብለሽ። ሁሉም እሺ አይሉም፣ የሚሉት ግን አሉ። ያሸነፍሽ ይመስል ሽልማት እየላከ ገንዘብ ብቻ የሚሰበስብም ፌስቲቫል ስላለ እውነተኛ አዳራሽ ውስጥ ያሳያሉ ወይ የሚለውን ያለፈው ዓመት ፎቶና ፕሮግራማቸውን አይተሽ ለዪ። እስከዛ ፊልሙን ዩቲዩብም ቲክቶክም ላይ አትልቀቂው፣ አንዳንዶቹ በይፋ የወጣ ፊልም አይወስዱም፣ በፓስወርድ የተዘጋ ሊንክ ይበቃል።

የእንግሊዝኛ ሰብታይትሉን ለብቻው ፋይል አድርገሽ ያዢው፣ ምስሉ ላይ አታትሚው፣ ሌላ አገር በራሳቸው ቋንቋ መቀየር ሊፈልጉ ይችላሉ። አያትሽ የሚናገሩትን ግን ቃል በቃል አትተርጉሚ፣ «ማነው? አቤት እንዳትዪ» የሚሉበት ቦታ ላይ አሁን ያስቀመጥሽው ረጅም ማብራሪያ ሰዉን ማንበብ ላይ ይጥለዋል፣ ፊታቸው ሳይታይ ያልፋል፣ እዛ ጋ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ይሁን። ድምፁን ካስተካከልሽ በኋላ ሊንኩን እንደገና ላኪልኝ፣ ኢሜይሉን አብረን እንፅፈዋለን።