መልስ፦ ስለ ፎቶ አንሺው ዶክመንተሪ
ወንድሜ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የምሠራው ዶክመንተሪ የአንድ የባህር ዳር ፎቶ ቤት ሰውዬ ታሪክ ሆኖ ሳለ የተለያየ ሰው አካትት የሚሉኝ ለምንድነው ነው ያልከው አይደል? እኔ ግን የፖርትሬት፣ ማለትም የሰው ፊት ፎቶ፣ አንሺ ታሪክ ግማሹ ካሜራው ፊት የተቀመጡት ሰዎች ናቸው ባይ ነኝ፣ እሱን ብቻ ወንበር ላይ አስቀምጠህ ብታስወራው ጎዶሎ ነው የሚሆነው። ኔጋቲቮቹን አስወጣውና ማን እንዳለ ማን እንደሌለ እይ። ጣና ዳር በደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች አሉበት? ከእንጅባራ የሚመጡት አገዎችስ? ሸማኔዎቹስ? ከሌሉ ለምን እንደሌሉ ሰውዬውን ራሱን ጠይቀው፣ ዝም ብለህ እንዳታልፈው። ባለእጅ በኛ አገር ቡዳ እየተባለ ስንት ዘመን እንደተገፋ ታውቃለህ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ የቀረችን አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት፣ እሷም ላይ ፊቷ ጠቁሮ አይኗ እንኳ አይለይም።

ቴክኒኩንም አንሳበት። የፊልም ኩባንያው ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው በነበረው የከለር ማስተካከያ ካርድ ላይ ለብዙ አመት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፣ ሸርሊ ካርድ ይሉታል፣ ከለሩ የሚስተካከለው በሷ ቆዳ ነበር። የኛ ሰው ደሞ ነጭ ነጠላ ለብሶ ነው የሚነሳው፣ ብርሃኑ በነጠላው ከተለካ ፊቱ ይጨልማል፣ ሰውዬው ይሄን እንዴት ይወጣው እንደነበር ቢያሳይህ በጣም ቆንጆ ክፍል ይወጣሃል።

ብቻ ሰዎቹን ለታይታ ሁለት ሰከንድ አታሳልፋቸው፣ የራሳቸውን ፎቶ ይዘው ራሳቸው ያውሩ፣ በአገውኛ የሚያወራም ካለ በቋንቋው ያውራና ሰብታይትል አድርግለት።