«ሽንት ቤቱ ሞልቶ አያውቅም» ካሉሽ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው፤ የሁለታችንም ሥራ አራት ኪሎ ስለሆነ ዕድሜያችን ታክሲ ሰልፍ ላይ አለቀ። በቅርቡ አንድ ደላላ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ሁለት ክፍል ቤት አሳየን። ግቢው ውስጥ አምስት አባወራ አለ። ኪራዩ ሌላ ቦታ ከሚጠሩብን በጣም ይቀንሳል፣ ሥራ ቦታችንም በእግር ይደረሳል። ያየነው በጥር ነው፤ ወንዙ ቀጭን ነበር፣ ሽታውም ያን ያህል አይደለም። ባለቤቴ «አሁኑኑ እንግባ» ይላል፤ እናቴ ደግሞ «ልጅ ይዞ ወንዝ ዳር አይገባም» ብላ ተቆጥታለች። እርስዎ ቀበና ወንዝ ዳር ተወልደው እንዳደጉ በዚሁ ዓምድ ስላነበብኩ ነው የጻፍኩልዎ። ምን ይመክሩኛል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአያት

መልስ፦ ልጄ፣ ጥር ላይ ያየሽውን እርሺው። በጥር ወንዙ ሁሉ ጨዋ ነው።

የወንዝ ዳር ቤት ፈተናው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመጣል። ያኔ ውሃው ይመነምናል፤ ከላይ ከየቤቱና ከየጋራዡ የሚለቀቀው ፍሳሽ ግን በጋ ነው ብሎ አይቀንስም። የሚያቀጥነው ውሃ ሲጠፋ ሽታው እስከ መኝታ ቤት ይገባል፣ ቢንቢውም ይበዛል። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባው አያሰጋሽም፤ እንቅልፍ ግን ይነሳሻል። ሁለተኛው ሐምሌና ነሐሴ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ግንፍሌ ስትደርሺ 2,400 ገደማ ነሽ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ውሃው በአጭር መንገድ ተንደርድሮ ይወርደዋል። ድሮ ዝናቡን የሚጠጣው ሣርና አፈር ዛሬ አስፋልትና ቆርቆሮ ስለሆነ ጎርፉ ይፈጥናል። ሰፈርሽ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። እኛ ሰፈር ልጅ ከፊደል ጋር አብሮ የሚማረው ነገር ቢኖር እንጦጦ ከጠቆረ ከወንዝ መውጣትን ነው። በነሐሴ 2013 ከተማችን ላይ በደረሰው ጎርፍ የሰው ሕይወት እንደጠፋ ታስታውሻለሽ።

እንዲህ ስል እናትሽ ረቱ ማለቴ አይደለም። ወንዝ ዳር ሲባል አፋፉም ታችኛውም በአንድ ስም ይጠራል፤ ኑሮው ግን ለየቅል ነው። እኛ ግቢ አፋፍ ላይ ስለሆነ ክረምቱን ቡና አፍልተን የወንዙን ድምፅ እንሰማለን፤ ከደረጃው ታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዝናቡ ሲበረታ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ እኛ ይወጣሉ። ስለዚህ ደላላው «ከወንዙ እኮ ራቅ ይላል» ሲልሽ ዝም ብለሽ ከፍታውን ተመልከች።

ቀን ሄደሽ ግድግዳውን እይ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ኖራ የተቀባ ከሆነ ጠርጥሪ፤ ውሃ የደረሰበትን ምልክት ሸፍነውት ይሆናል። የጭቃ ቤት ከሆነ ግርጌውን በጣትሽ ጫን በይው፤ ከፈረፈረ ከሥር እርጥበት ይዞታል። ወደ ወንዙ በኩል የድጋፍ ግንብ ካለ ፊቱ ላይ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች መኖር አለባቸው። ተደፍነው፣ ግንቡ መሐሉ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ከተነፋ፣ ከኋላው ውሃ አቁሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ግንብ ምልክቱን የሚሰጠው በበጋ፣ የሚናደው በክረምት ነው። ከግንቡ ሥር ያለውን ቤት በነፃ ቢሰጡሽም አትግቢ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ስለ ሽንት ቤት ጠይቂ። ማፈሪያ ነገር የለውም። አከራይሽ በኩራት «ሽንት ቤታችን ሞልቶ አያውቅም» ካለችሽ፣ ነገሩ ገብቶሻል ብዬ አምናለሁ። አምስት አባወራ የሚጠቀምበት ጉድጓድ መሙላቱ አይቀርም፤ ካልሞላ ቧንቧው ወንዙ ውስጥ ገብቷል። መምጠጫ መኪናው የት ድረስ እንደሚገባና ቱቦው ጉድጓዱ ጋ ይደርስ እንደሆነ ጠይቂ። መንገዱ ጠቦ መኪናው የማይደርስ ከሆነ መልሱ ያው ወንዙ ነው። ይሄ ሽታና ንጽሕና ብቻ አይምሰልሽ። ከተማው ስለ ወንዝ ዳርቻዎች ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180/2017ን ካወጣ ወዲህ ወደ ወንዝ ፍሳሽ መልቀቅ ያስቀጣል። ቅጣት መጣ ሲባል ደግሞ አምስቱም አባወራ «አዋጡ» መባሉ አይቀርም፤ የግቢ ኑሮ እኮ ነው።

ግቢው ስንት ዓመት እንደሚቆይም ማሰብ አለብሽ። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ከተጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም ኮሪደር ልማቱ ሲመጣ፣ የመሐል ከተማው ወንዝ ዳር ሁሉ ፊቱ ተቀይሯል። ለእግር መንገዱና ለዛፉ ደስ ብሎኛል፤ ለሄዱት ጎረቤቶቼ ግን እስካሁን ሆዴ ይባባል። አንቺ ተከራይ ስለሆንሽ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቤት ሲነሳ ካሳና ምትክ የሚታሰበው ለባለይዞታው ነው። ከመግባትሽ በፊት ካርታ እንዳላቸው አይተሽ፣ ወረዳ ሄደሽ ቦታው ለልማት የተያዘ መሆን አለመሆኑን አጣሪ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ አከራይሽ ራሷ ተከራይ ናት፣ ላንቺ ማከራየት አይፈቀድላትም፤ ነገ ውጪ ብትባዪ የምታሳዪው ወረቀት አይኖርሽም።

ካርታው ካለ በኪራይ አዋጁ፣ በቁጥር 1320/2016፣ ተዋዋዪ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ደላላው የስድስት ወር ካልከፈላችሁ ካለ አዋጁን ጥሪበት።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ቤቱ አፋፉ ላይ ከሆነ፣ ግቢ ልጄ። አራት ኪሎ በእግር ሄዶ ምሳን ከልጆች ጋር በልቶ መመለስን በገንዘብ አትተምኚው። ምኒልክ ሆስፒታል ቅርብሽ ነው። ገና ዕቃሽን ሳታወርጂ የዕድሩ ሰው መጥቶ ስምሽን ይጽፋል፤ አትግደርደሪ፣ ተመዝገቢ፤ ጎርፍ በመጣ ሌሊት በርሽን የሚያንኳኳው እሱ ነው። ልጆቹን ግን ወንዝ ወርደው እንዳይጫወቱ ከመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቂ፤ በጋም ቢሆን። ኳስ ከገባ ኳሱ ይቅር።

ጥያቄ፦ ፒኮክ አካባቢ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ሰላጣና ቆስጣ ለዓመታት ስንገዛ ኖረናል። አሁን ሰው ሁሉ ያስፈራራናል። በኮምጣጤ ብናጥበው አይበቃም?
ጡረተኛ፣ ከኡራኤል

መልስ፦ ጋሼ፣ ለሰላጣው አይበቃም። ፒኮክ ላይ የሚያልፈው ውሃ ከላይ የመሐል ከተማውን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚደርሰው። ኮምጣጤ ጀርሙን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም፤ በተለይ የወስፋት እንቁላል ጠንካራ ነው። ቆስጣውን በደንብ ካበሰሉት ጀርሙ ይሞታል። ከጋራዥና ከፋብሪካ የሚመጣው እንደ እርሳስና ክሮም ያለው ብረት ግን ቅጠሉ ከሥሩ የሚስበው ስለሆነ ማጠብም ማብሰልም አያስወጣውም። በጥሬው የሚበላውን ጨርሰው ይተዉት። ሌላውንም ቢሆን ሻጯን በየትኛው ውሃ እንደሚጠጣ ይጠይቋት፤ ደንበኛዎ ናትና አትዋሽዎትም።

ጥያቄ፦ ቀበና ወንዝ ዳር በቅርቡ ገብቻለሁ። ሌሊት የጅብ ድምፅ እሰማለሁ። መሐል አዲስ አበባ ላይ ይሄ ጤናማ ነው?
ወጣት፣ ከቀበና

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ፣ ጎረቤት ሆነናል። ጅቡ ካንተም ከእኔም በፊት የነበረ ነዋሪ ነው፤ ከእንጦጦ በወንዙ ሸለቆ ይወርድና ቆሻሻና የሞተ ከብት ለቃቅሞ ሳይነጋ ይመለሳል። ቆሻሻህን ማታ በር ላይ አታሳድር፣ ጠዋት አውጣ። ለበዓል በግ ከገዛህ በረንዳ ላይ አትሰር፣ ቤት አስገባው። አምሽተህ ስትገባ በወንዙ ዳር አቋርጬ ልሂድ አትበል፣ በአስፋልቱ ዙር። ውሾቹ በአንድ አፍ ጮኸው ድንገት ዝም ካሉ ቅርብ ነው ማለት ነውና በርህን ዝጋና ተኛ።