አራተኛ ማርሽ አልገባም ያለው ኮሮላ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1998 ሥሪት የሆነ አውቶማቲክ ኮሮላ አለኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ አላልፍ ስላለ፣ ሞተሩ እየጮኸ ነዳጅ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስወርድ ጭራሽ አይገባም፤ ስመለስ ግን ዳገቱን ጨርሼ ሜዳ ላይ ስደርስ አንዳንድ ጊዜ ይገባል። መካኒኩ ካምቢዮው ወርዶ መከፈት አለበት ብሎኛል። ባለፈው ክረምት ሞተሩ እየሞቀ ስላስቸገረኝ ቴርሞስታቱ እንዲነሣ ተደርጓል። ምን ይመክሩኛል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ዋናው ፍንጭ ያለው በደብዳቤዎ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ባደረጓት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ማርሹ የሚቀየረው በኮምፒዩተር ትእዛዝ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ የሞተሩ ውሃ በበቂ ሁኔታ እስኪሞቅ ድረስ አራተኛውን ማርሽ፣ ማለትም ኦቨርድራይቩን፣ ሆን ብሎ ይከለክላል። ቴርሞስታት ውሃውን አግቶ ቆይቶ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲደርስ ወደ ራዲያተር የሚለቅ በር ስለሆነ፣ እርሱ ከተነሣ ውሃው ገና ከጅምሩ ያለ ከልካይ ይዞራል፤ በተለይም እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥተው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሞተሩ ይበርዳል። ሲመለሱ ዳገቱ ያሞቀዋል፤ ኮምፒዩተሩም ይፈቅዳል። የካምቢዮው ዲስኮች ተበልተው ቢሆን ኖሮ ዳገቱ ችግሩን ያባብሰው ነበር እንጂ ባላሻሻለው።

ቴርሞስታት ማንሣት በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም እኔ መፍትሔ ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይሠራ ማራገቢያ ወይም ግፊት የማይይዝ የራዲያተር ክዳን እንዳለ ይቀመጣልና። ስለዚህ አስቀድመው ሞተሩ የሞቀበትን ምክንያት ያስፈልጉ፤ ከዚያም አዲስ ቴርሞስታት አስገጥመው የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ መሀል ደርሶ መቆሙን እያዩ ይሞክሩት። ቀስቱ መሀል ቆሞም አራተኛው ካልገባ፣ በብዙ መኪኖች ለቀስቱና ለኮምፒዩተሩ መረጃ የሚሰጡት ሴንሰሮች የተለያዩ ስለሆኑ የኮምፒዩተሩ ሴንሰር ይመርመር። በማርሽ መምረጫው ላይ ያለው የኦቨርድራይቭ ቁልፍም በስሕተት ተጭኖ እንዳይሆን ይመልከቱ፤ መብራቱ ዝም ብሎ በርቶ ከሆነ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ ብልሽት መዝግቧል።

የካምቢዮውን ጤንነት በራስዎ ማየት ይችላሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድተው ሜዳ ላይ ያቁሙና፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ፍሬን እንደያዙ መምረጫውን በሁሉም ቦታ አሳልፈው «ፒ» ላይ ይመልሱት። የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ አውጥተው ከጠረጉ በኋላ እንደገና አስገብተው ያንብቡ፤ ዘይቱ የትኩስ ዘይት ምልክት ከተደረገበት ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያም አንድ ጠብታ በነጭ ሶፍት ላይ ያኑሩ። ቀይ ሆኖ ከተንጣለለ ደኅና ነው፤ ቡናማ ሆኖ የማረር ሽታ ካለው ወይም መሀሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከቀረ ግን ውስጡ ተበልቷል።

አንድ ሌላ ፈተና አለ። መኪናው እንደሞቀ፣ ፊቱና ኋላው ገላጣ በሆነ ቦታ፣ የእግርና የእጅ ፍሬን ይዘው ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ያስገቡና ማርሹ ሲይዝ እስኪሰማዎት ድረስ ይቁጠሩ። ቶዮታ ለዚህ የሚፈቅደው ከ1.2 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ወደ «አር» ሲሆን ደግሞ ከ1.5 ሰከንድ ያነሰ። ዘይቱ አርሮ፣ ማርሹም ዘግይቶ ከያዘ መካኒኩ ልክ ነው፤ ያለዚያ ካምቢዮውን አያስከፍቱ።