«መድረክ ላይ አስተርጓሚ አቁመናል» ለሚሉ መሥሪያ ቤቶች፦ ስለ ምልክት ቋንቋና የመንግሥት መግለጫዎች ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ የዛሬዋ መላሽ «አስተርጓሚዋ» ናት። ነባር አባላት ታውቋታላችሁ፤ መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ተወልዳ በመግለጫ፣ በስብሰባና በችሎት ስታስተረጉም የኖረች ናት። ርእሱ የመንግሥት መልእክት መስማት ለተሳናቸው ዜጎች እንዴት እንደሚደርስ ነው። ጥያቄያችሁን አጭር አድርጉ።

አስተርጓሚዋ፦ ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። «ዱዳ» ወይም «ደንቆሮ» የሚል ቃል ያለበትን ጥያቄ አልመልስም። ሌላው፣ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም፤ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው የሚከተለው ሁሉ አይገባውም።

ሕዝብ ግንኙነት፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ቢሮ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ለሚቀጥለው መግለጫችን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንድናቆም በጀት ተፈቅዶልናል። ምን እናዘጋጅ?

አስተርጓሚዋ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። መጀመሪያ የመግለጫውን ጽሑፍ ስጡ። ከዋዜማው ስጡ። ረቂቅም ቢሆን ስጡ። አስተርጓሚን አዳራሽ በር ላይ ተቀብሎ «ዛሬ ስለ ግብር ነው» ብሎ ወደ መድረክ መምራት የተለመደ ነው፤ በእኔም ላይ ደርሷል።

ምክንያቱ የባለሥልጣን አማርኛ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ባለሥልጣን ደግሞ መጨረሻውን ያርቃል። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች በዋና ዋና መንገዶች ላይ እንዳይንቀሳቀሱ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመመካከር ተጥሎ የነበረው ክልከላ ከነገ ጀምሮ» ይልና ውኃ ይጠጣል። ተነሣ? ተራዘመ? ጠበቀ? አስተርጓሚው እጁን አንጠልጥሎ ይጠብቃል። ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበ ግን «ክልከላው ነገ ይነሣል» ብሎ ጀምሮ ዝርዝሩን ያስከትላል። ተመልካቹም በጊዜው ያውቃል።

ከዚያ ካሜራው። አስተርጓሚው በጥግ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ሳጥኑ በጣት ጥፍር ልክ አይሁን። የብሪታኒያ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ አስተርጓሚው ከስክሪኑ ቢያንስ አንድ ስድስተኛውን እንዲይዝ ይመክራል። ከወገብ እስከ ራስ በላይ፣ ሁለቱም ክርኖች ሳይቆረጡ ይታዩ። ከታች የሚሮጠው የዜና ጽሑፍ እጅ ላይ አይለፍ። ተናጋሪው ስለ ግድብ ሲያወራ ምስሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ግድቡ ከዞረ መስማት ለተሳነው ሰው መግለጫው እዚያው ተቋረጠ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ማግሥቱ ነው፤ ያው መግለጫ ለፌስቡክና ለቴሌግራም ሲቆረጥ ምስሉ ይጠብና አስተርጓሚው ከክፈፉ ይወጣል። ገንዘቡን ከፍላችሁ ሥራውን ጣላችሁት ማለት ነው።

ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ ሁለት አስተርጓሚ ቅጠሩ፤ በየሃያ ደቂቃው ይቀያየራሉ። ድካሙ የእጅ ብቻ አይደለም፣ አእምሮ ሲደክም ትርጉሙ ይሳሳል። ደግሞም ጽሑፉን አስቀድማችሁ ስጡ። ደጋግሜ እላለሁ።

ጥ.ወ.፦ ስለ ምልክት ቋንቋ ቢያብራሩልን?

አስተርጓሚዋ፦ ስለ ምኑ? ጥያቄ አድርገህ ተመለስ።

ወጣቱ፦ መምህርት፣ ለምን ከታች ጽሑፍ ብቻ አይደረግም? ርካሽ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል።

አስተርጓሚዋ፦ ለሁሉም አይሆንም። ካደገ በኋላ መስማት ያቆመ ሰው፣ ወይም በከፊል የሚሰማ፣ ጽሑፍ ይመርጥ ይሆናል። መስማት ሳይችል ለተወለደና ትምህርት ቤት ዘግይቶ ለገባ ሰው ግን አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ያውም ድምፁን ሰምቶት የማያውቅ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

ከሆሳዕና፦ እኔ መስማት የተሳነኝ ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው በአማርኛ ነው። ሳንማር እንደቀረን አድርጋችሁ አታውሩ። እኔ ጋዜጣ በየቀኑ አነባለሁ።

በጀት፦ ይኸው! ራሱ ማንበብ እችላለሁ እያለ ነው። ታዲያ ለምን ወጪ?

ከሆሳዕና፦ ወንድሜ፣ በእኔ ስም ወጪ አትቀንስ። ማንበብ እችላለሁ አልኩ እንጂ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም አላልኩም። ቀጥታ ስርጭት ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ዘግይቶና ተሳስቶ ነው የሚመጣው። አንተ ሬዲዮ እየሰማህ ጋዜጣም ትገዛ የለም?

በጀት፦ ጥያቄዬ የገንዘብ ነው። በእያንዳንዱ ወረዳ አስተርጓሚ ማቆም የሚችል መንግሥት የለም።

አስተርጓሚዋ፦ «በእያንዳንዱ ወረዳ ይቁም» ያለ ማን አለ? ሌላ ጥያቄ።

የሕግ ተማሪው፦ በኢትዮጵያ ሕግ መንግሥትን የሚያስገድድ ነገር አለ?

አስተርጓሚዋ፦ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ በሥራዬ የምጠቅሳቸውን ብቻ ልንገርህ። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ኮንቬንሽን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ጸድቋል። አንቀጽ 9 ሙያዊ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች እንዲኖሩ፣ አንቀጽ 21 ደግሞ በመንግሥታዊ ግንኙነት ምልክት ቋንቋ ተቀባይነት እንዲያገኝ ይላሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ንኡስ 4 የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የቀረውን አንተ ጨርሰው።

የሕግ ተማሪው፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5ስ? «ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና ይኖራቸዋል» ይላል። ምልክት ቋንቋ ከእነዚህ አንዱ አይደለም?

ነባር አባል፦ አንቀጽ 5 ሲረቀቅ የታሰቡት የብሔረሰቦች ቋንቋዎች ናቸው። እዚህ ውስጥ ምልክት ቋንቋን መጎተት የሕግ ትርጉም ሳይሆን ምኞት ነው።

የሕግ ተማሪው፦ ጽሑፉ «ማናቸውም» ነው የሚለው። «የሚነገሩ» የሚል ቃል የለበትም።

ነባር አባል፦ እንግዲያው ኬንያውያን ለምን ለብቻው ጻፉት? በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታቸው የፓርላማው ቋንቋዎች ኪስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛና የኬንያ ምልክት ቋንቋ ናቸው ብለው በስም ጠቅሰዋል። ደቡብ አፍሪካም በ2023 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ምልክት ቋንቋን 12ኛ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገችው በዝምታ ስላልተካተተ ነው።

የሕግ ተማሪው፦ ኡጋንዳም በ1995 እ.ኤ.አ. ጽፋለች። ይህ መጻፍ እንደሚቻል ነው የሚያሳየው እንጂ ያልተጻፈው እንደተከለከለ አይደለም።

አስተርጓሚዋ፦ ሁለታችሁ ጎን ሂዱና ጨርሱት። እኔን ያስጨነቀኝ የተጻፈው አለመሠራቱ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንኡስ 7 የተከሰሰ ሰው በማይገባው ቋንቋ ችሎት ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ችሎት ላይ ግን «እህቱ ታስተርጉምለት» ሲባል ሰምቻለሁ። ስሙን ስለማልጠራው ችሎት ነው የማወራው። እህት አስተርጓሚ አይደለችም፤ ምስክር፣ ተበዳይ ወይም ወራሽ ልትሆን ትችላለች።

ለንደን፦ እዚህ አገር መንግሥት በኮቪድ መግለጫዎቹ ላይ አስተርጓሚ ባለማቆሙ ተከሶ በ2021 ተፈርዶበታል። እናንተም ክሰሱ።

አስተርጓሚዋ፦ ፍርዱን ሙሉውን ንገራቸው እንጂ። ሕገ ወጥ የተባሉት ምንም ትርጉም ያልቀረበባቸው ሁለት መግለጫዎች ናቸው። በሌሎቹ በቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ አስተርጓሚ ስለነበረ ፍርድ ቤቱ በቂ ነው ብሏል፤ የግድ ከሚኒስትሩ ጎን ይቁም አላለም። እኔ ጎን መቆሙን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ጎን የቆመን ሰው ማንም ቆርጦ ሊያወጣው አይችልም። እንግዲህ ካሜራው ካልጠበበ!

ወላጅ፦ እትዬ፣ ከመተሐራ ነው የምጽፍልዎት። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ አይሰማም። በ2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ ሲበረታ ሌሊት እየቀሰቀስኩት ነበር የምንወጣው። እኔ ባልኖር በምን ያውቃል?

አስተርጓሚዋ፦ እህቴ፣ እንኳን ሁላችሁም ተረፋችሁ። እዚህ ላይ የቴሌቪዥን አስተርጓሚ ምንም አይሠራም፤ ሌሊት ቴሌቪዥን የሚያይ የለም። የሚሠራው ስልክን የሚያንቀጠቅጥ አጭር ጽሑፍ ነው፤ ያውም «ወደ ሜዳ ውጡ» ዓይነት በሦስት ቃል የሚያልቅ። ከዚያ በተጨማሪ ቀበሌው መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚኖሩባቸውን ቤቶች አውቆ የሚያንኳኳ ሳይሆን ገብቶ የሚቀሰቅስ ሰው ይመድብ። ለጊዜው ስልኩ በንዝረት ተደርጎ ትራሱ ሥር ይደር፤ ጎረቤትም ቁልፍ ይያዝ።

ይህን ካነሣሽው ሌላም ልበል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ «በ8335 ይደውሉ» ተባልን። ፖሊስ ለመጥራት 991 ነው። ሁለቱም የድምፅ ጥሪ ናቸው። መግለጫውን በምልክት ቋንቋ አስተርጉሜ መጨረሻ ላይ «ደውሉ» ብዬ በምልክት ሳሳይ የሚሰማኝን ተዉት። ከቁጥሩ ጎን የጽሑፍ መልእክት የሚቀበል ቁጥር ይኑር፤ የሚያነብም ሰው ይመደብለት።

ሕዝብ ግንኙነት፦ አመሰግናለሁ። ጽሑፉን መስጠት ግን ይከብደናል፤ ሚስጥር ይወጣል ብለው ኃላፊዎች ይሰጋሉ።

አስተርጓሚዋ፦ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ የአስተርጓሚ ሙያ ሥነ ምግባር አንዱ ክፍል ነው። በጽሑፍ አስፈርሙት። ለካሜራ ባለሙያው፣ ለታይፒስቱና ለሾፌሩ የታወቀ መግለጫ ለአስተርጓሚው ብቻ ሚስጥር አይሆንም። ቢያንስ የስሞችንና የቁጥሮችን ዝርዝር ስጡ።

ሙሉቀን፦ ለምን ስም ላይ አጠበቁ?

አስተርጓሚዋ፦ ደስ የሚል ጥያቄ አመጣህ። የተለመደ ምልክት የሌለው ስም በጣት ፊደል ይጻፋል። የእኛ የጣት ፊደል ከግእዝ ፊደል ጋር የተሠራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለ፣ ከግእዝ እስከ ሳብእ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ ቅርጹ ሳይለወጥ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። «ለ»፣ «ሉ»፣ «ሊ» አንድ ቅርጽ፣ ሦስት እንቅስቃሴ ናቸው። ሕፃን ሆኜ ቁርስ ላይ አባቴ የጎረቤቶቻችንን ስም ሲጽፍ እንደ ጨዋታ እከተለው ነበር። አሁን የአንድ የውጭ ድርጅት ረጅም ስም፣ የአንድ ቀበሌና የሦስት ኃላፊዎች ስም በአንድ ትንፋሽ ሲጠራ አስበው። ጣቴ ሳይጨርስ ተናጋሪው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይቀድመኛል። ዝርዝሩን አስቀድሜ ካገኘሁ ግን ስሙን አንዴ ጽፌ አጭር ምልክት እሰጠዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እህቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አሜሪካ ከእኔ ጋር ትኖራለች። መስማት የተሳናት ናት። የመንግሥት ቢሮ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሰጣት፤ ግማሹን ብቻ ነው የተረዳችው። ቋንቋው አንድ አይደለም?

አስተርጓሚዋ፦ አይደለም። በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች በኩል ከአሜሪካው ብዙ ወስደናል፤ ለዚህ ነው ግማሹ የገባት። ራሱ መስማት የተሳነው አስተርጓሚ ከሰሚው አስተርጓሚ ጋር እንዲመደብላት ጠይቁ፤ የሰሚውን ምልክት እሷ በሚገባት ምልክት ይቀይርላታል፤ እንዲህ ላለው ጉዳይ የሠለጠኑ አሉ። ወጪው የቢሮው ነው፣ የእናንተ አይደለም።

ቴክኖሎጂ፦ አሁን በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ያስተረጉማል። ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን?

አስተርጓሚዋ፦ በምልክት ቋንቋ ፊት ሰዋስው ነው፤ ቅንድብ ሲነሣ ጥያቄ ይሆናል። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽንና የአስተርጓሚዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት መግለጫ እንዲህ ያለ ምስል ተቀድቶ ለሚቀርብ፣ ለማይለዋወጥ መረጃ እንጂ ለቀጥታ ስርጭት እንዳይውል አሳስበዋል። ለባቡር መነሻ ሰዓት ይሁንላችሁ።

ሙሉቀን፦ የቆመው ሰው ትክክለኛ አስተርጓሚ መሆኑን ሰሚ ኃላፊ በምን ይለያል?

አስተርጓሚዋ፦ አይለይም። በ2013 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ላይ በማንዴላ የስንብት ሥነ ሥርዓት የአገር መሪዎች ጎን የቆመው ሰው ትርጉም የሌለው እጅ ሲያወዛውዝ ስታዲየሙ ሙሉ ሰሚ አላወቀም፤ መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ግን ወዲያው ጮኹ። ስለዚህ ከመቅጠራችሁ በፊት የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ጠይቁ፤ ከመግለጫውም በኋላ ሁለት ሦስት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቅጂውን አይተው ምን እንደተረዱ ይንገሯችሁ። ይህን የሚያደርግ መሥሪያ ቤት እስካሁን አልገጠመኝም።

ወጣት፦ ጽሑፍ ብቻ ቢሆን አይሻልም?

አስተርጓሚዋ፦ ከላይ ተመልሷል። ሳታነቡ አትጠይቁ።

አዲስ ገቢ፦ አስተርጓሚ ከየት ይገኛል?

አስተርጓሚዋ፦ ማኅበሩን አሁን ጠቅሻለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስመርቃል።

በጀት፦ በሰዓት ስንት ይከፈላቸዋል?

አስተርጓሚዋ፦ የዋጋ ድርድር እዚህ አላደርግም።

ነባር አባል፦ ስለ አንቀጽ 5 አልጨረስንም።

አስተርጓሚዋ፦ እናንተ ቀጥሉ። እኔ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መግለጫ አለብኝ፤ ጽሑፉም እስካሁን አልደረሰኝም። የቀሩትን ቅዳሜ እመልሳለሁ።