ጂኑ ጤናማ ሆኖ ሳለ ፒ53 ለምን ይጠፋል?

ጥያቄዎ ሁለት ነገር ይዟል፦ በማህፀን በር ካንሰር ሕዋሶች ውስጥ የፒ53 ጂን አብዛኛውን ጊዜ ያልተበላሸ ከሆነ ፕሮቲኑ ለምን አይገኝም፣ ለዚህ ካንሰር መንስኤ የሆነውን ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባትስ ቀድሞ የገባን ቫይረስ ለምን አያስወግድም? በቤተ ሙከራ ለዓመታት ሂላ በተባሉ የማህፀን በር ካንሰር ሕዋሶች ላይ ስለሠራሁ፣ ከንባብ ባሻገር በዓይኔ ያየሁትን ጨምሬ እመልሳለሁ።

ፒ53 ዲኤንኤ ሲጎዳ ወይም ሕዋስ ያለ ጊዜው መከፋፈል ሲጀምር ክፍፍሉን የሚገታ፣ ጉዳቱ ካልተጠገነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። በብዙ ካንሰሮች የሚበላሸው ጂኑ ራሱ ሲሆን፣ ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የሚያስከትሉት ኤችፒቪ 16 እና 18 የተባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች ግን ጂኑን ሳይነኩ ፕሮቲኑ እንደተሠራ እንዲፈርስ ያደርጋሉ።

ይህን የሚያደርጉት በሕዋሱ በራሱ የማስወገጃ ሥርዓት ነው። ሕዋስ የማይፈልገውን ፕሮቲን ሲያስወግድ፣ 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ዩቢኩዊቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን በሦስት ዓይነት ኢንዛይሞች ቅብብል ይለጠፍበታል፤ ምልክቱ ተቀጣጥሎ ሰንሰለት ሲሆን ፕሮቲአዞም የተባለው መፍጫ ፕሮቲኑን ይቆራርጠዋል። ይህን ሥርዓት ያወቁት አሮን ቺካኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮ እና ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የትኛው ፕሮቲን ምልክት እንደሚደረግበት የሚመርጠው ሦስተኛው ኢንዛይም ነው፤ ቫይረሱም የሚይዘው እሱኑ ነው።

ኢ6 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ራሱ ኢንዛይም አይደለም። የሚያደርገው ኢ6ኤፒ የተባለውን የሕዋሱን ኢንዛይም መያዝና፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ፒ53ን የሚጨብጥ አዲስ ገጽታ እንዲፈጠር ማድረግ ነው። ኢ6ኤፒ ብቻውን ሲሆን ፒ53ን ዒላማው አያደርግም፤ ስለዚህ ነገሩ የባለማኅተሙን እጅ ይዞ በማያውቀው ወረቀት ላይ ማኅተም እንደማስመታት ነው። ኢ6 ፒ53ን እንደሚያስፈርስ በ1990 ታወቀ፤ ኢ6ኤፒ የዩቢኩዊቲን ለጣፊ መሆኑ ደግሞ በ1993 ተረጋገጠ።

በ1951 የማህፀን በር ካንሰር ታማሚ ከነበረችው ከሄንሪየታ ላክስ ዕጢ የተወሰዱት የሂላ ሕዋሶች ኤችፒቪ 18 አለባቸው። ዌስተርን ብሎት በተባለው፣ አንድ ፕሮቲን መኖሩን በመስመር መልክ በሚያሳይ ምርመራ ስናያቸው የፒ53 መስመር እጅግ ደብዛዛ ነው ወይም ጭራሽ አይታይም። ኢ6ኤፒ እንዳይሠራ ስናደርግ ግን መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ተማሪዎችን ሳሠለጥን ይህን ሙከራ የማስቀድመው፣ ጠፋ የተባለው ፕሮቲን ሳያቋርጥ እየተሠራ ሳያቋርጥ እየፈረሰ መሆኑን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ስለሚያሳይ ነው።

ቫይረሱ ይህን የሚሻው ለመባዛት የሚከፋፈል ሕዋስ ስለሚያስፈልገው ነው። ሌላው ፕሮቲኑ ኢ7 የክፍፍል ልጓም የሆነውን አርቢ የተባለ የሕዋሱን ፕሮቲን ሲያስወግድ ፒ53 ይነቃል፤ ኢ6ም ይህን ምላሽ ያፍናል። ካንሰር ለቫይረሱ ጥቅም የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የቫይረሱ ዲኤንኤ ተሰብሮ በሕዋሱ ዲኤንኤ ውስጥ ሲሰካና ኢ6ንና ኢ7ን የሚቆጣጠረው የኢ2 ጂን ሲቋረጥ፣ ሁለቱ ያለ ልክ ይመረታሉ፤ አዲስ ቫይረስ ግን ከዚያ አይወጣም።

እኔን ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚሰጠኝ ጂኑ ሳይበላሽ መቆየቱ ነው፤ ኢ6 ቢወገድ ፒ53 ይመለሳል ማለት ነውና። መድኃኒቱ ግን ቀላል አይደለም። ኢ6 የሚዘጋ የኢንዛይም ማዕከል የለውም፤ ኢ6ኤፒን በመላ ሰውነት መዝጋትም ያሰጋል፤ ጂኑ በተፈጥሮ ሲጎድል አንጀልማን ሲንድረም የተባለ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያስከትላልና። ፕሮቲአዞምን ማገድም ጤናማ ሕዋሶችን ይነካል።

ወደ ክትባቱ ስንመጣ፣ በውስጡ ያለው ኤል1 የተባለው የቫይረሱ ውጫዊ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ኢ6ም ሆነ ዲኤንኤ የለውም። የሚያስገኛቸው ፀረ እንግዳ አካላት ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ሳይገባ ይይዙታል። ቀድሞ በቫይረሱ በተያዙት፣ በማህፀን በር ሽፋን የታችኛው ንብርብር ሕዋሶች ውስጥ ግን ኤል1 አይመረትም፤ ስለዚህ ፀረ እንግዳ አካላቱ የሚያዩት ነገር የለም። ኢትዮጵያ በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ክትባቱን የጀመረችው በ14 ዓመት ልጃገረዶች መሆኑም ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ከቫይረሱ ጋር ሳይገናኙ መድረስ ያስፈልጋል። ከዚያ ዕድሜ ያለፉ ሴቶች፣ ቢከተቡም እንኳ፣ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራውን መተው የለባቸውም።