መመለሻ አላችሁ ወይ?

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሚመጡት ቪዲዮዎች አንድ ዓይነት ሆነውብኛል። አንድ ወጣት የተቸገረች እናት ፊት ይቆማል። ካሜራው ይጠጋል። ብር ይቆጠራል። እናትየው ታለቅሳለች። ልጁ ክፉ ነው አልልም። ብሩም እውነተኛ ብር ነው፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል። እኔ ግን ዕድሜዬን ደሴ ውስጥ በሆስፒታል ላብራቶሪ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሰው ለማያውቀው ቤተሰብ ሲሰጥ ቅርብ ሆኜ አይቻለሁ። የአሰጣጥን ወግ ያሳየኝ ደግሞ አንድ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው።

ዘመኑ አሰብ ወደባችን ሳለ ነው፤ ከ1990ው ጦርነት በፊት። ተሳቢዎች በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው ይመላለሱ ነበር። የሾፌሩ ረዳት ሐረጎ ላይ ጎማ ሲቀይር እግሩ ተጎድቶ፣ እሱን ይዞ ወደ እኛ መጣ። በዚያው ሌሊት ከባቲ በኩል አንዲት ወላድ ደረሰች። እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ፣ ከዚያ በጭነት መኪና። ልጁ በሰላም ተወልዷል። የእሷ ደም ግን አልቆም ብሏል። አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ ግማሽ ሊትር ከፈሰሳት ሐኪም ይሰጋል። በሰውነቷ ያለው ጠቅላላ ደም እኮ አምስት ሊትር ቢሆን ነው። ይቺ ስትደርስ መዳፏና የዓይኗ ቆብ ነጥቶ ነበር።

ያኔ ደም አምጪው ዘመድ ነው። ፍሪጃችን ውስጥ ለእሷ የሚሆን አልነበረም። ባልየውን መረመርኩት። ወባ ሲመላለስበት የከረመ፣ የራሱ ደም ያነሰው ሰው ነው። አብረዋቸው ከመጡት ሁለት ዘመዶች የአንደኛው ዓይነት አልገጠመም። ሌላኛው «ደሜን ከቀዱኝ አልተርፍም» ብሎ ከግቢው ወጣ። አልፈርድበትም፤ ያኔ ብዙ ሰው እንደዚያ ነበር የሚያስበው።

ሾፌሩ ኮሪደር ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። እጅጌውን እየጠቀለለ ገባና «እስቲ የኔን እዩት» አለ። የእሱን ደም ከእሷ ሴረም፣ ማለት ደሟ ሲረጋ ከሚለየው ፈሳሽ ጋር ቀላቅዬ ጠበቅኩ። አልተቋጠረም። ተስማማ ማለት ነው።

ባልየው በሩ ላይ ቆሞ የመሀረቡን ቋጠሮ ይፈታል። «ጌታው፣ ስንት ልክፈል?» አለ። ሾፌሩ መርፌው ክንዱ ላይ እንዳለ ሳቀበት።

«በኪሎ ነው በሊትር የምትገዛኝ? ያዛት ወንድሜ! ለአራሷ ገንፎ ትሆናለች።»

እስከዚህ ያለው ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሾፌሩ «ለምን ቀደም ብለህ አላመጣሃትም?» አላለም። ስንት ልጅ እንዳለው፣ ምን እንደሚሠራ አልጠየቀም። «መመለሻ አላችሁ ወይ?» ነው ያለው። አልነበራቸውም። ያመጣቸው መኪና ወዲያው ሄዷል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አሰብ ለሚወርድ ጓደኛው ነግሮ፣ አራሷንና ሕፃኑን ጋቢና አስቀምጦ እስከ መገንጠያቸው እንዲያደርሳቸው አደረገ። በሩ ላይ ሻይ ቤት ለነበረችው ሴትዮም የባልየውን ምሳና እራት አስቀድሞ ከፍሏት ሄደ። ይህን እኔ የሰማሁት ከሴትዮዋ ነው፤ እሱማ ትንፍሽ አላለም።

ሆስፒታል የሠራ ሰው ይህ ለምን እንደሚከብድ ያውቃል። ለበሽተኛው የሚያዝን አይጠፋም። አስታማሚውን ግን ማን ያየዋል? ግቢ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል፤ ያመጣው ዳቦ ቆሎ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ሐኪሙ «ድናለች፣ ውጡ» ሲል ሌላው ሰው ደስ ይለዋል፤ እሱ የመሳፈሪያውን ነገር ያስባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ ብዙ ነገር አቅልሏል። የእኛው ተሁለደሬም በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ ነበረች። ቢሆንም መድኑ የሚከፍለው ለሕክምናው ነው። የአስታማሚው እራት እዚያ ውስጥ የለም። ቴሌብራችሁ ላይ ትርፍ ብር ካለ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን። ስልካችሁን ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ያቺ ሴት እንደዚያ ሆና ተቀርጻ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሕፃን ዛሬ የእናቱን ምስል በየሰው ስልክ ላይ ያየው ነበር።

መቀበልም ያው ወግ አለው። ከወራት በኋላ ባልየው ቅቤ በቅል ይዞ ከች አለ። ሾፌሩን ሊያመሰግን ነው። መዝገቡን ገለጥኩለት። ስም አለ፤ አድራሻ በሚለው ቦታ ላይ ግን የተጻፈው «ሾፌር» ነው። ኮምቦልቻ ወርዶ መኪኖቹ በሚቆሙበት ሁሉ ጠየቀ። አላገኘውም። ተመልሶ መጣና ቅቤውን ወላድ ክፍል ለተኙት አራሶች አካፈለው። ከእናንተ መካከል «የሰው ውለታ ውስጥ አልገባም» የምትሉ አላችሁ፤ ከልጆቼ አፍም እሰማዋለሁ። ለእኔ ግን ይህ ነገር ኩራት ይበዛበታል። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲያርፉ፣ እንጀራ በመሶብ የተሸከሙ እናቶችን አይታችኋል። በጥቅምት 2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ ከእነዚያው እናቶች ብዙዎቹ ልጅ አዝለው በኮምቦልቻ መንገድ ወጡ። በየደረሱበት የሰው ቤት አደሩ፤ የሰው እንጀራ በሉ። ያኔ «አልቀበልም» ማለት የት ያደርስ ነበር?

ስለ ደም ሳልናገር ብቀር የሙያ ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል። ዛሬ ያ ባል ያየው መከራ ቀንሷል፤ በፈቃደኛ ለጋሾች የሚሠራ የደም ባንክ ደሴም አለን። ችግሩ ደም እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አይከርምም። ቀይ የደም ሴል ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ፕላትሌት የሚባለው ደግሞ አምስት ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በዓመት አንዴ በዘመቻ ተሰልፎ መስጠት ጥሩ ሆኖ ሳለ አይበቃም። ትልቁ ለጋሽ ተማሪ ነው። ትምህርት ቤቱና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጉ ለጋሹ ወደየቤተሰቡ ይበተናል፤ ምጥ ግን ክረምት አያውቅም። ዕድሜያችሁ 18 ከሞላ፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ ካላነሰ፣ ጤነኛ ከሆናችሁ በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። የፈሳሹን መጠን ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል፤ ቀይ ሴሉን ለመተካት ሳምንታት ይፈልጋል። ሦስት ወር የሚጠበቀውም ለዚህ ነው።

እና ከተማ ውስጥ የምትቀሩ ልጆች ሐምሌና ነሐሴን ያዙልን። ቁርስ በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ ሂዱ። ከሰጣችሁ በኋላ ትንሽ አረፍ በሉ፤ ከባድ ዕቃ አትሸከሙ። ጦሳ ተራራ መውጣት ያማራችሁም ለሌላ ቀን አቆዩት።