ስለ ሮቢን «ሃኒ» አልበም፦ የጅማ አቀናባሪዎችና ዲጄዎች ጥያቄ

ስዊድናዊቷ ዘፋኝ ሮቢን «ሃኒ»ን ያወጣችው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2018) ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ጥያቄዎቹ የመጡት ጅማ ውስጥ ሠርግ ላይ ከሚያጫውቱና ቤታቸው ከሚያቀናብሩ ልጆች ነው፤ በቅንፍ ያለው ሰፈራቸው ነው።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ጋሼ፣ የዳንስ አልበም ሆኖ ለምን ሆድ ያባባል?

ከ«ቦዲ ቶክ» (2010) በኋላ የብቻዋን ሙሉ አልበም እስክታወጣ 8 ዓመት ሄዷል። በመሃሉ የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባዋ ክርስቲያን ፋልክ በ2014 በካንሰር ሞተ። አብረው የጀመሩት ሥራ በ2015 «ላቭ ኢዝ ፍሪ» ተብሎ ወጣ። ከፍቅረኛዋም ተለያይታ ነበር፤ ኋላ ታርቀዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ ይዛ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ምቱን አላቆመችም። አልበሙ ልብ የሚነካው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አቀናባሪው ማነው?

ከእሷ ጋር አብዛኛውን የሠራው ሜትሮኖሚ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ መሪ ጆሴፍ ማውንት ነው። ስዊድናዊው አቀናባሪ ክላስ ኦሉንድም አለበት።

ጥያቄ (ከመንቲና)፦ በፍላሽ ስሰማው 4ኛውና 5ኛው ዘፈን መሃል ይቆረጣል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። 4ኛው፣ «ቤቢ ፎርጊቭ ሚ»፣ ሳይቋረጥ ወደሚቀጥለው ይገባል። ኤምፒ3 ግን በፋይሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል። ማጫወቻህ ላይ ያለ ክፍተት የሚያጫውተውን ምርጫ አብራ፣ ክሮስፌዱን (የሁለት ዘፈን ጫፎችን የሚደራርበውን) ዜሮ አድርግ። ቅደም ተከተሉንም አታዘበራርቅ። 9 ዘፈን፣ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ «ሚሲንግ ዩ» በናፍቆት ይከፍታል፣ «ኤቨር አጌይን» ሁለተኛ ልቤ አይሰበርም ብሎ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ስሜት በትዝታ ቅኝት ይሠራል? ስሞክረው የፈረንጅ ዘፈን ይሆንብኛል።

በደንብ ይሠራል፤ የሚበላሸው ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ላይ ነው። ትዝታ ማይነርን ከላ ብትጀምር ድምፆቹ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ናቸው። ሬ እና ሶል የሉም። ስለዚህ የሶል ወይም የሬ ኮርድ በነካህ ቁጥር ቅኝቱ ይፈርሳል። ያንተ የሚሆኑት ላ ማይነር፣ ፋ ሜጀር 7 (ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ) እና ሦስተኛው ድምፅ የሌለው ሚ (ሚ እና ሲ ብቻ) ናቸው።

120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) ላይ 2 ባር (ባሩ 4 ምት ነው) ላ ማይነር፣ 2 ባር ፋ ሜጀር 7 ደጋግም፤ አንዱ ዙር 8 ሰከንድ ነው። የሚን ኮርድ ግን እስከ አዝማቹ መጨረሻ አትንካት። ጆሮ ማረፊያ ሲጠብቅ አለመስጠትህ ነው ናፍቆቱን የሚያመጣው። ብዙዎች ስሜት ለመጨመር ብለው አዝማቹ ላይ ኪኩን (ወፍራሙን የከበሮ ምት) ያወጣሉ፤ ያኔ የዳንስ ዘፈኑ ቀርቶ ተራ ባላድ ይሆናል። ኪኩ ይቀጥል፣ ማሲንቆው ወይም ድምፁ ያልቅስ።

ችክችካ ለመጨመር ግሪዱን (ፕሮግራሙ ላይ ምቶቹ የሚደረደሩበትን መስመር) ወደ ትሪፕሌት (ሦስት እኩል ክፍል) ቀይር። በአንድ ኪክ ውስጥ 3 ምት ይገባል፣ እያንዳንዱ 167 ሚሊሰከንድ። ምቱን በ4 በሚከፍለው በተለመደው የ16ኛ ግሪድ ላይ ካስገባኸው ይንገዳገዳል።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ቤዙ ኪኩ ሥር ይጠፋል፣ በስልክ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም።

ሁለት የተለያየ ችግር ነው። ለመጀመሪያው ቤዙ ላይ ኮምፕረሰር (ድምፅን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) አድርግና ከኪኩ ሳይድቼን ስጠው፣ ማለት ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ዝቅ ይበል፦ ሬሾ 4 ለ 1፣ አታክ (ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ) 1–5 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊስ (ለመመለስ የሚፈጅበት) 150 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ ቅነሳው ከ3 እስከ 6 ዲቢ። 120 ላይ ኪክ በየ500 ሚሊሰከንዱ ስለሚመታ፣ ሪሊሱን ወደዚያ ካስጠጋኸው ቤዙ ሳይመለስ ሌላ ኪክ ይመጣል። ለስልኩ ቮልዩም አትጨምር። 55 ኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ ከትንሽ ስፒከር አይወጣም፤ ትንሽ ሳቹሬሽን (ድምፁን በጥቂቱ የሚያሻክር) ስትሰጠው 110 እና 165 ኸርዝ ላይ ተጨማሪ ድምፅ ይወለዳል፣ እሱ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ሠርግ ላይ ላጫውተው?

ለሙሽራ መግቢያ በፍጹም። ጭፈራው ከሞቀና ትልልቆቹ ከሄዱ በኋላ ግን ወጣቱ ይቀበለዋል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ከሆነ ዝናቡ ላይኛውን ድምፅ ይሸፍናል። ትሬብሉን ከማጮህ ስፒከሩን ወደ ተጨፋሪው አስጠጋ።

ጥያቄ፦ ዘፋኝ ነኝ፤ እንደሷ ቀዝቀዝ ብዬ ስቀዳ ድምፄ ሞቶ ይወጣል።

እህቴ፣ ዝግ ብሎ መዝፈንና ትንፋሽ ማጣት ይለያያሉ። ከማይኩ 15 ሴንቲሜትር ያህል ራቂ፣ ከኋላሽ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀዪ፣ ከፍተኛው ድምፅሽ መቅጃው መለኪያ ላይ ከ−10 ዲቢ አይለፍ። ኪኩን በጆሮ ማዳመጫ ጮክ አድርገሽ ስሚ፤ ካልሰማሽው ከምቱ ኋላ ትቀሪያለሽ። ሐረጉ ጫፍ ላይ ድምፅሽን አታንቀጥቅጪ፣ ቀጥ አድርገሽ ጨርሺው።